ስለ አንዲት የወደብ ከተማና ስለ ነርሶችዋ ሥራ

ሥራ ፈላጊ በበዛበት ዘመን ሠራተኛ የሚፈልግ ሥራ ባዶውን ቆሞ መገኘቱ ለሰሚው እንግዳ ነገር ይመስላል። ዳሩ ግን በብዙ አገር እንዲህ ያለ ነገር አለ፤ ይኸውም የነርስነት ሥራ ነው። በዋና ከተማ ያለ ሆስፒታል ለአንድ ክፍት ቦታ ማስታወቂያ ቢያወጣ አመልካች አያጣም፤ በጠረፍ፥ ይልቁንም በባሕር ጠረፍ ያለች ትንሽ ከተማ ያንኑ ማስታወቂያ በዚያው ደመወዝ ብታወጣ ግን ጠሪው ይቆያል እንጂ ተጠሪው አይመጣም። ማስታወቂያው የሥራ ዕድል ተብሎ ይጠራል፤ ለሚያነበው ሰው ዕድል መሆኑም እውነት ነው። ለከተማይቱ ግን ያው ወረቀት የጕድለት ምስክር ነው፤ በእያንዳንዱ ክፍት ቦታ ኋላ ሌሊቱን በቂ ጠባቂ ሳያገኝ የሚያድር በሽተኛ አለና።

ለዚህ ነገር ምሳሌ እንድትሆን በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በአይሪሽ ባሕር ዳር የተቀመጠችውን ኋይትሄቨን የተባለችውን ከተማ መመልከት ይበቃል። ሕዝብዋ 25 ሺህ ያህል ነው። ኑሮዋ ለብዙ ትውልድ በድንጋይ ከሰል ላይ የቆመ ነበር፤ የማዕድኑም ዋሻ ከየብሱ አልፎ ከባሕሩ ወለል በታች ሩቅ ድረስ ይገባ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1947 በኦገስት ወር (ከዚህ በኋላም የእንግሊዝ አገሩ ነገር ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ይነገራል) ዊልያም በተባለው ጕድጓድ በደረሰው ፍንዳታ 104 ሠራተኞች ሞቱ። የከተማይቱ የመጨረሻ ጕድጓድ፥ ሄግ የተባለው፥ በ1986 ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የአካባቢውን ሕዝብ በብዛት የሚያሠራው ከከተማይቱ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው የሴላፊልድ የአቶም ሥፍራ ነው፤ በዚያም ከ10 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ይሠራሉ። የሴላፊልድን ደመወዝ ካላገኘ ወጣት ፊት ለፊት ከሚታዩት ጥቂት የጸኑ ሥራዎች አንዱ በሆስፒታል የሚገኘው ነው።

ሆስፒታሉም ለከተማይቱ ትንሽ ነገር አይደለም። የእንግሊዝ መንግሥት በጁላይ 5 ቀን 1948 ሕዝቡ ሁሉ በነፃ የሚታከምበትን ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ካቆመ በኋላ፥ በእንግሊዝ ምድር እንደ አዲስ ከተሠሩት አጠቃላይ ሆስፒታሎች የመጀመሪያው በዚህች በትንሽ የወደብ ከተማ የተሠራው የዌስት ከምበርላንድ ሆስፒታል ነው። በ1964 የንግሥቲቱ እናት መርቀው ከፈቱት፤ በ2015ም አዲስ ሕንፃ ተጨመረለት። መንግሥት የመጀመሪያውን ሆስፒታል ከለንደን ርቆ በማዕድን ሠራተኞች አገር ማቆሙ በዚያን ጊዜ የነበረውን አሳብ ያስረዳል። ሕንፃ ግን ገንዘብ ካለ በሁለት በሦስት ዓመት ይሠራል፤ በሕንፃው ውስጥ የሚያድሩትን እጆች ማግኘት ሌላ ሥራ ነው፤ ችግሩም የተገኘው ከዚህ ላይ ነው።

ነርስ ሲባል በብዙ ሰው አሳብ የምትመጣው በነጭ ልብስ ሆና መርፌ የምትወጋ ሴት ብቻ ናት። በእንዲህ ያለች ከተማ ግን የሥራው ዐይነት ብዙ ነው። በሆስፒታሉ ውስጥ ድንገት ታሞ ወይም ቈስሎ የመጣውን የምትቀበል አለች፤ ከቀዶ ሕክምና የወጣው እስኪነቃ የምትጠብቅ አለች፤ ከሕፃናት ጋር የምትውል አለች። ከሆስፒታሉ ውጭ ደግሞ በመኪና ከመንደር መንደር እየዞረች የሽማግሌውን የእግር ቍስል የምታጥብና የምታስር፥ ለስኳር ሕመምተኛው መድኀኒቱን የምትሰጥ፥ በገዛ ቤቱ ሊሞት የወደደውንም ሰው እስከ መጨረሻው ሥቃዩን የምታስታግስ የአውራጃ ነርስ አለች። በአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች፥ በአእምሮ ሕሙማን ዘንድ፥ በመንደር ሐኪሞች ቤት የሚሠሩም አሉ። ወንዶችም በዚህ ሥራ አሉ፤ በእንግሊዝ አገር ግን ቍጥራቸው ከዐሥሩ አንድ ያህል ነው። ሐኪሙ ወደ አልጋው ቀርቦ፥ መርምሮና አዝዞ ይሄዳል፤ ነርሲቱ ግን ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ እዚያው ናት፤ ትንፋሹ ሲለወጥ መጀመሪያ የምትሰማው እርስዋ ናት።

ካህናት ስለ ደጉ ሳምራዊ በሚሰብኩበት ጊዜ የእንግዳ ማደሪያውን ጠባቂ ብዙ ጊዜ አያነሡትም። ሳምራዊው ዘይትና ወይን አፍስሶ ቍስሉን አሰረ፥ በአህያው ጭኖም አመጣው፤ በማግሥቱ ግን ሁለት ዲናር ሰጥቶ መንገዱን ሄደ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሌሊት ከቍስለኛው አጠገብ የቆየው ያ ስሙ ያልተነገረለት ባለ ማደሪያ ነው። ደግሞም ሳምራዊው የጠባቂውን ድካም በነፃ አልፈለገም፤ የሚጐድለውንም ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገባ። ማስታመም ከፍቅር የሚወጣ ሥራ ነው ተብሎ ደመወዙ ቢጐድል ግድ የለም የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስተውሉ መልካም በሆነ።

በ2021 የእንግሊዝ መንግሥት ዋና የሕክምና ሹም ፕሮፌሰር ሰር ክሪስ ዊቲ ስለ ባሕር ዳር ከተሞች ጤና አንድ ታላቅ መግለጫ አቀረቡ። በዚያ መግለጫ እንደ ተገለጠው፥ በባሕር ዳር የሚኖረው ሕዝብ በልብ በሽታ፥ በስኳር ሕመም፥ በአእምሮ ሕመምም ከሌላው ሕዝብ ይልቅ የተጠቃ ነው፤ ዕድሜውም ያጥራል። ምክንያቱም ብዙ ነው። ጡረተኛው የባሕሩን ነፋስ ወድዶ ወደዚያ ይሄዳል፤ ድኻውም የቤት ኪራይ ርካሽ ስለ ሆነ ይሄዳል፤ ወጣቱ ግን ትምህርትና ሥራ ፍለጋ ትቶት ይወጣል። ቀድሞ የበጋ እንግዶች ያድሩባቸው የነበሩ ሆቴሎች፥ እንግዳው በአውሮፕላን ወደ እስፓኝ መሄድ ከለመደ ወዲህ፥ ክፍል በክፍል ተከፋፍለው ለችግረኞች ተከራዩ። በአንጻሩ በነዚህ ሥፍራዎች፥ በሕመምተኛው ብዛት ሲመዛዘን፥ የከፍተኛ ሐኪሞች ቍጥር ከሌላው ሥፍራ በ15 በመቶ፥ የነርሶችም ቍጥር በ7.4 በመቶ ያነሰ መሆኑ በመግለጫው ተጽፏል። በሽታ በሚበዛበት አስታማሚ ያንሳል፤ አስታማሚ በሚበዛበት በሽታ ያንሳል ማለት ነው። ይህ በድኻ አገር ቢሆን የድኽነት ነገር ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር፤ የሆነው ግን በባለጠጋ አገር ነው።

7.4 በመቶ ትንሽ ቍጥር የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። በትልቅ ሆስፒታል አንዲት ነርስ ብትታመም ከጎረቤቱ ክፍል ሌላዋ ትመጣለች። በትንሽ ሆስፒታል ግን ጎረቤት ክፍል የለም። ሁለት ነርሶች በአንድ ሌሊት ቢቀሩ አንድ ክፍል ይዘጋል፤ የሚዘጋው ክፍል ሕመምተኛም 64 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ወደ ካርላይል ከተማ ይወሰዳል፤ መንገዱም ጠባብና ጠመዝማዛ ስለ ሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ደግሞ የባሕር ዳር ከተማ ሌላ የተለየ ችግር አለባት፤ በመካከለ ምድር ያለ ከተማ በአራቱም ማዕዘን ጎረቤት ሲኖረው፥ እርስዋ ግን በአንድ ወገን ያላት ባሕር ብቻ ነው። ሠራተኛ የሚመጣበት አገር በእኩል ጐደለ፤ ከባሕሩ ውስጥ ነርስ አይመጣምና።

ሰዎች ወደዚያ ለመሄድ የማይወድዱበት ምክንያት ስንፍና ወይም ገንዘብ መውደድ ብቻ ተደርጎ መታሰብ የለበትም። በእንግሊዝ አገር የመንግሥት ነርስ ደመወዝ በአገሩ ሁሉ በአንድ ሰሌዳ የሚከፈል ነው፤ የለንደን ነርስ ግን ለኑሮው ውድነት እስከ 20 በመቶ ድረስ ይጨመርላታል። ለሩቅዋ የወደብ ከተማ እንዲህ ያለ ጭማሪ የለም፤ ሆስፒታልዋም በገዛ ፈቃዱ ሰሌዳውን ከፍ ሊያደርግ አይችልም። በጎኑ ያለው የአቶም ሥፍራ ግን የራሱ ኪስ ስላለው የከተማይቱን ብልህ ልጆች በሥራ ማስተማሪያው አስቀድሞ ይወስዳቸዋል። ከሌላ አገር ለመጣችው ነርስ ደግሞ ጥያቄው የእርስዋ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ባልዋ ምን ይሠራል? ልጆችዋ የት ይማራሉ? ከሌሊት ሥራ ስትወጣ የምትሳፈርበት አውቶቡስ አለ ወይ? ቀድሞ ሆስፒታሎች በግቢያቸው የነርሶች መኖሪያ ቤት ነበራቸው፤ ወጣቲቱ ከገጠር መጥታ በዚያው አድራ፥ በዚያው ተምራ፥ ጓደኛም አግኝታ ትቀር ነበር። ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት ብዙዎቹ ቤቶች ተሸጡ፤ በጊዜው የተገኘው ገንዘብ እንደ ትርፍ ተቈጥሮ ነበር።

የሠራተኛ እጦት በመዝገብ ላይ ያለ ቍጥር ብቻ ሆኖ እንደማይቀር በ2016 በግልጽ ታየ። በዚያ ዓመት የሠራተኛ ማጣትና የገንዘብ ጕድለት ምክንያት ሆኖ፥ የከፍተኛ ሐኪም ያለበት የማዋለጃ አገልግሎት ከኋይትሄቨን ተነሥቶ በካርላይል ብቻ እንዲሆን አሳብ ቀረበ። ምጥ የያዛት ሴት፥ ነገርዋ ከከበደ፥ በክረምት ሌሊት ያን ሁሉ መንገድ በአምቡላንስ ልትሄድ ነው ማለት ነው። ሕዝቡም ወንዱ ሴቱ፥ ሽማግሌው ወጣቱ፥ ባንድነት ተነሥቶ ተቃወመ። በ2017 በማርች ወር ነገሩ ለአንድ ዓመት እንዲፈተን ተወሰነ፤ ይኸውም በቂ ሠራተኛ ማግኘትና ማቆየት ይቻል እንደሆነ ለማየት ነው። ከዚህ ላይ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። ሕዝቡ የጮኸው ስለ ሕንፃ ወይም ስለ መሣሪያ አልነበረም፤ እነዚያ በቦታቸው ነበሩ። የእናቲቱና የሕፃኑ ዕድል የተንጠለጠለው ማስታወቂያውን አንብበው በሚመጡት ወይም በማይመጡት ጥቂት ሰዎች ላይ ነበር።

ይህ ሆኖ ሳለ የዚያችው ከተማ ስም በእንግሊዝ ምክር ቤትና ጋዜጣ በብዙ የተነሣው በሌላ ነገር ነው። አንድ ኩባንያ በከተማይቱ አጠገብ አዲስ የከሰል ማዕድን ለመክፈት ጠየቀ፤ 500 ያህል ሰዎችንም አሠራለሁ አለ። መንግሥት በ2022 በዲሴምበር ፈቀደ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2024 በሴፕቴምበር ፈቃዱን ሻረው። ስለ አየር ጠባይ የሚጨነቁትና ስለ ሥራ የሚጨነቁት ለዓመታት ተከራከሩ፤ ሁለቱም ወገን የየራሱ እውነት ነበረው። ነገር ግን ከምድር በታች ስላልተከፈተው የ500 ሰው ሥራ ይህን ያህል ሲባል፥ ከምድር በላይ ተከፍቶ ሰው ስላጣው የሆስፒታል ሥራ የተነገረው እጅግ ጥቂት ነው። ምናልባት የከሰል ሥራ የወንድ ሥራ፥ የአባት ሥራ ሆኖ በከተማይቱ ልብ ስለ ተቀመጠ ይሆናል። የሴት ልጅ ደመወዝም ቤት ያቆማል፤ በኋይትሄቨን ጕድጓዶቹ ከተዘጉ ወዲህ ስንት ቤት በዚያ ደመወዝ እንደ ቆመ ባለ ቤቶቹ ያውቁታል።

ለዚህ ጕድለት እስካሁን የተለመዱት መድኀኒቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው በአቅራቢ ድርጅት በኩል ለአንድ ሌሊት ወይም ለአንድ ሳምንት ነርስ መከራየት ነው። ይህ ለዛሬ ያድናል፤ ነገር ግን ዋጋው ከቋሚዋ ነርስ ደመወዝ ይበልጣል፤ የተከራየችውም ሴት በሽተኛውን በስሙ ሳታውቀው ትሄዳለች። ቋሚዋም ከጎንዋ ያለችው በተመሳሳይ ሥራ የበለጠ ማግኘትዋን ባየች ጊዜ እርስዋም ወደ ኪራዩ ትሄዳለች፤ ጕድለቱም በመድኀኒቱ ይብሳል። ሁለተኛው ከባሕር ማዶ ነርስ ማስመጣት ነው። በእንግሊዝ ነገሥታት ምድር በነርስነት መዝገብ ከተጻፉት ውስጥ ከአምስቱ አንዱ የሚበልጠው በውጭ አገር የተማረ ነው፤ ከህንድ፥ ከፊሊፒን፥ ከናይጄሪያ የመጡት ብዙ ናቸው። እነዚህ ሰዎች የብዙ እንግሊዛውያንን ሕይወት ማዳናቸው የታወቀ ስለ ሆነ ክብር ይገባቸዋል። ጥያቄው በእነርሱ ላይ ሳይሆን ባስመጪው ላይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 ባወጣው መግለጫ በዓለም ላይ 29.8 ሚሊዮን ነርሶች እንዳሉ፥ የጐደሉትም 5.8 ሚሊዮን እንደ ሆኑ አስታውቋል። ከዓለም ሕዝብ እኩሌታው ያህል ብቻ በሚኖርባቸው አገሮች ከነርሶቹ 78 በመቶው ይገኛሉ። ስለዚህ ባለጠጋው አገር የወደብ ከተማውን ጕድለት በድኻው አገር ነርስ ቢሞላ፥ ጕድለቱ ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ይህን በማሰብ የዓለም ጤና ጉባኤ በ2010 የጤና ሠራተኞችን ከአገር ወደ አገር ስለ መመልመል አንድ ደንብ አጸደቀ። በ2023 በወጣው ዝርዝርም የጤና ሠራተኛ እጅግ ከሚያንሳቸው 55 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። የእንግሊዝ መንግሥትም በዚህ መሠረት፥ በሁለቱ መንግሥታት መካከል የተለየ ስምምነት ከሌለ፥ መልማዮች ወደነዚህ አገሮች ገብተው ነርስ እንዳይሰበስቡ ይከለክላል። ነርሷ ራስዋ፥ ማንም ሳይመለምላት፥ ማስታወቂያውን አይታ ብታመለክት ግን አይከለክላትም።

ይህም ልክ ነው። ሰው የመንግሥት ንብረት አይደለምና፥ ደኅና ኑሮ ፍለጋ የምትሄደውን ልጅ በር ዘግቶ ማስቀረት የሚገባ አይደለም። ነገር ግን ከመሄድዋ በፊት ማወቅ የሚገባት ነገር አለ። በእንግሊዝ መዝገብ ለመጻፍ የቋንቋውን ፈተና፥ በኮምፒዩተር የሚደረገውን የዕውቀት ፈተና፥ እዚያም ከደረሱ በኋላ የእጅ ሥራውን ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ሥራ አገኝልሻለሁ ብሎ ከሥራ ፈላጊ ገንዘብ መቀበል በእንግሊዝ ሕግ የተከለከለ ነው፤ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ከመጀመሪያው ቃሉ ሊታወቅ ይችላል። በውሉም ውስጥ፥ ዘመኑ ሳይፈጸም ሥራውን ብትለቅ የመጓጓዣውንና የፈተናውን ወጪ ትመልሳለች የሚል አንቀጽ ይገባ ይሆናልና ሳያነቡ መፈረም አይገባም። በዚያ በሰሜን ባሕር ዳር የክረምቱ ቀን አጭር፥ ነፋሱም ብርቱ ነው፤ በታላላቅ ከተሞች እንዳለው ያለ የአገር ሰው ማኅበርና በግዕዝ የሚቀደስበት ቤተ ክርስቲያን በቅርብ ላይገኝ ይችላል። ደመወዙን ብቻ የነገርዋት ሰዎች ይህን አይነግርዋትም። እንዲህ ያለው ምክር ከነፍስ አባት ወይም ከሹም ቢገኝ ይልቅ ይደመጣል።

ወደ ዋናው ነገር ሲመለሱ፥ ጕድለቱን ከሥሩ ሊያጠፋ የሚችለው ከተማይቱ የገዛ ልጆችዋን በገዛ ሆስፒታልዋ አስተምራ ነርስ ስታደርግ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ስለ ሩቅ አገር የጤና ሠራተኞች ባወጣው መምሪያ፥ ተማሪዎችን ከዚያው ከሩቅ አገር ልጆች መምረጥን፥ ትምህርት ቤቶችንም ከዋና ከተማ ውጭ ማቆምን አስቀድሞ መክሯል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እናትዋ፥ እጮኛዋ፥ ያደገችበት ደብር ባለበት የምትሠራ ልጅ ለመቅረት ሌላ ጭማሪ አያስፈልጋትም። በእንግሊዝ አገር ግን ለረጅም ጊዜ የተሠራው ይህን የሚያፈርስ ነበር። በ2017 ለነርስ ተማሪዎች ይሰጥ የነበረው የመንግሥት ድጎማ ቀርቶ በብድር እንዲማሩ ተደረገ፤ ያመልካቾችም ቍጥር ወዲያው ቀነሰ፤ ይልቁንም ልጆች አሳድገው ዕድሜያቸው ገፍቶ መማር የሚወድዱት ሴቶች ሸሹ። በትንሽ ከተማ ግን ከሁሉ ይልቅ ጸንተው የሚቀሩት እነዚህ ነበሩ። ስሕተቱ ስለ ታወቀ በ2020 በየዓመቱ የማይመለስ 5 ሺህ ፓውንድ እንዲሰጥ ተደረገ። እየሠሩ በመማር ነርስ የሚኮንበት መንገድም ተከፈተ፤ ከ2019 ጀምሮም በረዳትና በነርስ መካከል ያለ አዲስ የሥራ ደረጃ በመዝገብ ይጻፋል። ከእነዚህ ሁሉ ለወደብ ከተማዋ የሚበልጠው እየሠሩ መማሩ ነው፤ ተማሪዋ ደመወዝዋን እየበላች ከቤትዋ ሳትወጣ ትማራለችና።

ኢትዮጵያ በዚህ ነገር ተማሪ ብቻ አይደለችም። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ሲጀመር የተመረጡት፥ ከዚያው ከቀበሌው የወጡ፥ የሕዝቡን ቋንቋና ልማድ የሚያውቁ ወጣት ሴቶች ነበሩ። አንድ ዓመት ተምረው፥ በመንግሥት ደመወዝ፥ ሁለት ሁለት ሆነው ወደ ተወለዱበት ቀበሌ ተመለሱ፤ በጥቂት ዓመታትም ቍጥራቸው ከ30 ሺህ በለጠ። እነዚህ ሴቶች የነርስን ሙሉ ትምህርት የተማሩ አይደሉም፤ የሥራቸውም ክብደት፥ የደመወዛቸውም ማነስ፥ የዕድገታቸውም መንገድ ጠባብነት ገና የሚነጋገሩበት ነገር ነው። የአመራረጡ ነገር ግን ትክክል ነበር። አንድ የእንግሊዝ ሹም ስለ ኋይትሄቨን ሲጨነቅ፥ የራሱን መልስ በአንድ የኢትዮጵያ ጤና ኬላ ደጅ ሊያገኘው ይችላል።

ለካህናትም ከዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። በሐዋርያት ዘመን ፌቤን የተባለችው አገልጋይ የነበረችው በሮም ወይም በኢየሩሳሌም ሳይሆን በክንክራኦስ ነው፤ ክንክራኦስም የቆሮንቶስ ወደብ፥ መርከበኛና ስደተኛ የሚመላለስባት ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ነበረች። ብዙ ሰው በእርስዋ እንደ ተረዳ ሐዋርያው መስክሮላታል፤ ስለ ነርስነት ታሪክ የጻፉ ሰዎችም ከዚህ የተነሣ ከነርሶች የመጀመሪያይቱ አድርገው ይቈጥርዋታል። እንግዲህ ሴት ልጁ በሽተኛ ልታጥብ፥ የሌላውን ሰው ነውር ልትሸከም መሄድዋን እንደ ውርደት የሚቈጥር አባት ቢኖር፥ ካህኑ የሚመልስለት ቃል አያጣም። በኢትዮጵያም ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በለንደን በሕፃናት ሆስፒታል ነርስነትን ተምረው በ1939 በእንግሊዝ መዝገብ ተጻፉ፤ ወደ አገራቸውም ከተመለሱ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ከዋናው ከተማ ርቀው በነቀምቴ ሳሉ በወጣትነታቸው ዐረፉ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ የአልጋ ልብስ መለወጥን ከተማሩ ወዲህ፥ ይህ ሥራ ለባለ ርስት ልጅ ያንሳል የሚባልበት ምክንያት አይገኝም።

ትንሽ ከተማ የነርስ ትምህርት ቤት ለመያዝ አቅም የላትም የሚል መልስ ከሹማምንት ዘንድ መምጣቱ አይቀርም። መልሱ የሚገኘው በራሱ በትምህርቱ ደንብ ውስጥ ነው። አንዲት የእንግሊዝ ነርስ በመዝገብ ለመጻፍ 4,600 ሰዓት መማር ነበረባት፤ ከዚህ ውስጥ 2,300 ሰዓቱ በመጽሐፍ ሲሆን 2,300ው በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ የሚፈጸም ሆኖ ቆይቷል። መጽሐፉን ከካርላይልም ሆነ ከሌላ ከተማ የሚመጣ መምህር በሳምንት ሁለት ቀን ሊያስተምረው ይችላል። አልጋው ግን በኋይትሄቨን አለ፤ ሕመምተኛውም አለ፤ ሠላሳ ዓመት በዚያ የሠራች፥ እጅዋን አይታ ልትማርባት የምትችል አሮጊት ነርስም ጡረታ እስክትወጣ ድረስ አለች። እርስዋ ሳትወጣ ተማሪዎቹ ከአጠገብዋ ሊቆሙ ይገባል፤ ከወጣች በኋላ የሚወጣው ማስታወቂያ ለእርስዋ ቦታ ሰው ቢያገኝ እንኳ ዕውቀትዋን አይመልስም።